እዝባር

ፎቶ ቤቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው
ጋሽ ሙልአታ ጠርቶ «ያን አሮጌ ማሽን አራግፊና ስጪው»
አለኝ። ለማን እንደምሰጥ አልነገረኝም።
አዳማ ነው፣ የካቲት ነው፣
በበሩ ሥር የሚገባውን አቧራ መጥረጊያ አይበግረውም።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ «ዘርዝር» አልኩት።
ዘረዘረ።
ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሣጥን፣ ጥያቄ ምልክት፤
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ፣
ስሙን ተነጥቆ ተሰልፏል እንደ ቀበሌ ወረፋ።
አንዱን ልክፈት ብል «እንዲህ የሚባል የለም» አለኝ።
ዝርዝሩ አለ ይላል፣ በሩ የለም ይላል፤
መሐል ለቆመ ሰው ማንኛው ይታመናል?

ጋሽ ሙልአታ ሳቀ።
የሱም ስም በቁቤ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁድሃ አለችው፣
የዝንብ እግር የምታህል፣ ከላይ የተንጠለጠለች፤
ማሽኑ እሷን ሲያይ ጥቅስ የተከፈተ ይመስለዋል፣
መዝጊያው እስኪመጣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።
«ሙልአታ ማለት መታየት ነው» አለኝ፣
«እስኪ ፈልጊኝ፣ ካየሽኝ።»

የፊደሉን ሠንጠረዥ ቀየርኩለት።
ግማሹ ሣጥን ፊደል ሆነ፣ ግማሹ እምቢ አለ።

በማግስቱ ባለ ባጃጁ ጉተማ መጣ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።
የእናቱ ሙት ዓመት ደርሷል፤
ቤት የነበረችውን አንድ ፎቶ ጣራው አፍስሶ አበላሽቷታል።
«ወ/ሮ አፀደ» አለ።
በአልፋው አ ነው በዐይኑ ዐ?
በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ?
«እኔ እንጃ» አለ፣ «እኔ በጆሮዬ ነው የማውቃት።»
አራቱንም መታሁ። አራቱም የለም።

ሌሊት፣ ተኝቼ፣ ገባኝ። እዝባሯ ናት!
ወ/ሮ ብሎ የጻፈው ሰው ወይዘሮ ማለቱ ነበር፤
ማሽኑ ግን ያችን ዘንበል ያለች ጭረት በር ብሎ አነበባት፤
ወ የምትባል ክፍል ሠራ፣ ሴትየዋን አስገባት፣
ሮ የምትል ቁራጭ ስሟ ፊት ገተረባት።

ወን ከፈትኩ።
የአዳማ ወይዛዝርት በሙሉ እዚያ ናቸው!
የመብራት ኃይሏ ገንዘብ ያዥ፣ ከወንጂ የመጣችው አዋላጅ፣
የቀይ ሽንኩርቷ አከፋፋይ አገጯን አንሥታ፣ «ቀና በይ» እንደተባለች።
ዶ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣
ት ውስጥ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ከነርእሰ መምህሩ።
ማንም አልጠፋም፤
እኛ ባሳጠርነው ስም ሾልከው ገብተው ነው የቀሩ።

አፀደም አለች። ብጠራት ግን አትሰማም፤
ከስሟ ኋላ አንዲት የማትታይ ባዶ ቦታ ተከትላታለች፣
የጸሐፊው አውራ ጣት ሳያስበው የጣላት።
ከስም በታች ቁጥር አለ።
ማሽኑ ሰውን የሚያውቀው በሱ ነው፤ ስሙ ለኛ ነው።
በቁጥሯ ጠራኋት፤ መጣች።

ግራ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የለም።
ጉተማ ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣
«ያቺን ጉትቻ አልጋ አንሥተን ፈልገናል» አለ። ሌላ አልተናገረም።
«ምን ብዬ ላስቀምጥልህ?» አልኩት።
«እቴቴ።»
ሦስት ፊደል። ማሽኑ አላጉረመረመም።
አንድ ቅጂ ለሱ፣ አንድ ቅጂ እዚያው ለኔ።

ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ እምቢተኛ ቀረ፤
ስሙ ሦስት ጥያቄ ምልክት ብቻ፣ ሌላ የለው።
«ምን ታደርጊዋለሽ፣ አጥፊው» አለ ጋሽ ሙልአታ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ።
ጻፍኩ፦ አጥፋ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ።
ልጫን ስል ትዝ አለኝ፤
በማሽኑ ቋንቋ ጥያቄ ምልክት «ማንም ይሁን» ማለት ነው፣
ሦስት ጥያቄ ደግሞ ሦስት ፊደል ያለው ማንም።

ውጭ ነፋሱ የሎተሪ ሻጩን ጃንጥላ ገለበጠው።
እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ።